ሬሳ ሲቆጥሩ አይጧ አመለጠች፦ የሳንፍራንሲስኮ ቻይናታውን ቸነፈር

ሌሊት ሹፌር (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ኦክላንድ ነው። ማታ ማታ መኪና እነዳለሁ። ሳንፍራንሲስኮ ቻይናታውን ሰው ሳወርድና ስጭን ስንት ዓመቴ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ፖርትስማውዝ አደባባይ ጥግ አቁሜ ሻዬን እጠጣለሁ። ገና ካልመሸ ሽማግሌዎቹ ካርታ ሲጫወቱ አያለሁ፤ ሰፈራችን ዳማ የሚጫወቱት ጋሼዎች ትዝ ይሉኛል።

ባለፈው አንድ ተሳፋሪ ግራንትና ጃክሰን መንገድ የሚገናኙበት ጋ ስንደርስ «ቸነፈሩ የጀመረው እዚች ጋ ነበር» ብሎኝ ወረደ። ቀልድ መሰለኝ። እኔ ቸነፈርን የማውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስና ከአያቴ እርግማን ነው። ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ አልለቀቀኝም። ሚስቴ «ሌላ ወሬ የለህም?» ስላለችኝ እናንተ ላይ ላራግፈው ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።

1900 በቻይኖች አቆጣጠር የአይጥ ዓመት ነበር። ግጥምጥሞሽ ነው፣ ግን አትርሱት። ማርች 6 ቀን፣ ግሎብ ሆቴል በሚባል የተጨናነቀ ሕንፃ ምድር ቤት ይኖር የነበረ አንድ የእንጨት መሸጫ ሠራተኛ ሞተ። ዎንግ ቹት ኪንግ ይሉታል። ይሉታል ያልኩት ስሙ በየቦታው ሌላ ሌላ ሆኖ ስለተጻፈ ነው። የመጀመሪያውን በሽተኛ ስም እንኳ አስተካክለው አልያዙም። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ብሽሽቱ ላይ ያበጠ ንፍፊት አየ። ዊልፍሬድ ኬሎግ የሚባል የከተማው ባክቴሪያ መርማሪ ከንፍፊቱ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ደነገጠ። ናሙናውን ይዞ በጀልባ ኤንጀል ደሴት ወዳለው የኳራንቲን ጣቢያ ሄደ። እዚያ ጆሴፍ ኪኒየን የሚባል የከተማው ሐኪም ነበር። ናሙናውን አይጥ፣ ጊኒ ፒግና ጦጣ ላይ ወጋው።

ከተማው ግን ውጤት አልጠበቀም። በማግስቱ ጠዋት ፖሊስ ቻይናታውንን በገመድ ከበበው። ውስጥ ያሉ ነጮች እንዲወጡ ተደረገ። ቻይኖቹ ባሉበት ቀሩ። ምግብ አብሳዩ፣ ልብስ አጣቢው፣ የቤት ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ቀረ። ከተማው ቁርሱን የሚያበስልለት ሲያጣ ጮኸ፤ ነጋዴውም ጮኸ። ከሁለት ቀን በኋላ ገመዱ ተነሣ። እንስሳቱ ግን ገና እየታመሙ ነበር። በዚያው ሳምንት አለቁ።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ካንተ የሚሸሽ ከሆነ በሽታውን በምን ትከታተለዋለህ?

---

ሲስተር

ወንድሜ፣ እኔ ነርስ ነኝ። በኮቪድ ጊዜ አዲስ አበባ ንክኪ ያላቸውን ሰዎች ስንፈልግ ከነበርነው አንዷ ነኝ። ስልክ ትደውላለህ፣ «አዎ ቤት ነኝ» ይልሃል። ከጀርባው የሚኒባስ ረዳት ሲጣራ ይሰማሃል። ስለዚህ ጥያቄህ ገብቶኛል።

እስኪ አንድ ነገር ንገረኝ። የታመሙትን ነበር የሚመዘግቡት ወይስ የሞቱትን? ልዩነቱ ትልቅ ነው። የታመመ ሰው ካገኘህ አብሮት የሚያድረውን፣ አብሮት የሚበላውን ትጠይቀዋለህ። የሞተ ሰው ካገኘህ ግን ያገኘኸው የዛሬ ሳምንት የነበረውን በሽታ ነው። እሱንም ከዋሸህ ጎረቤት አፍ።

---

ሌሊት ሹፌር

ሲስተር፣ ነገሩን አገኘሽው። የሞቱትን ነበር የሚከታተሉት። በቻይናታውን የሞተ ሰው የመቀበሪያ ወረቀት እንዲሰጠው መጀመሪያ ሬሳው መታየት ነበረበት። ያጠራጠረው ይቀደዳል። ሰዎቹ ይኼን ሲያዩ በሽተኛቸውን መደበቅ ጀመሩ። በጨለማ በጀልባ ወደ ሌላ ከተማ ያሻግሩት ነበር። ሬሳም ይሸሸግ ነበር። መርማሪዎቹ በየምድር ቤቱ በርና ጓዳ እየሰበሩ ይገቡ ነበር፤ በአንዱ በር ሲገቡ በሽተኛው በሌላው ይወጣል።

ስለዚህ መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር የበሽታው ቁጥር አይደለም። መደበቅ ያልቻሉት ሰዎች ቁጥር ነው።

---

ላብራቶሪ ልጅ

አንድ እርማት። ኪኒየን የከተማው ሐኪም አልነበረም፤ የፌዴራሉ መንግሥት ሰው ነው። ኬሎግ ነው የከተማው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልህ፤ ግማሹ ጠብ ከዚያ የመጣ ነው። ኪኒየን ደግሞ ተራ ሰው አልነበረም። አውሮፓ ሄዶ ከታዋቂው የባክቴሪያ ተመራማሪ ከኮክ ቤተ ሙከራ የተማረ ነው። በ1887 ኒውዮርክ ስታተን ደሴት ላይ አንድ ክፍል ላብራቶሪ ከፈተ። ዛሬ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሚባለው ግዙፍ ነገር ከዚያች ክፍል ነው ያደገው።

ሌላው፣ ኬሎግ ለምን በማይክሮስኮፕ ብቻ አልቆረጠም ለምትሉ፦ የቸነፈር ባክቴሪያ ቀለም ሲቀባ ሁለት ጫፉ ይጠቁርና መሐሉ ይገረጣል። ዝግ መርፌ ቁልፍ ይመስላል። ግን ሌላም እሱን የሚመስል አለ። እንስሳ ላይ ወግተህ፣ እንስሳው በዚያው በሽታ ሞቶ፣ ያንኑ ባክቴሪያ መልሰህ ካላገኘህ አፍህን ሞልተህ አትናገርም። ባክቴሪያውን የርሲን የሚባል ተመራማሪ ሆንግ ኮንግ ላይ ካገኘው ገና 6 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕቃ እንዲህ መሥራት ቀላል አይደለም። እኛ ዛሬም በአንዲት የዊዳል ምርመራ ብቻ ስንቱን «ታይፎይድ አለብህ» ብለን እንሸኝ የለ? እሱን ተዉት፣ ከጀመርኩ አላቆምም።

---

ሌሊት ሹፌር

ልክ ነህ፣ ይታረም። አመሰግናለሁ።

---

ነገረኛው

አልገባኝም። ብዙ ሰው ኪኒየንን ሲወቅስ እሰማለሁ። ሰውየው ቸነፈር ነው አለ። ቸነፈር ነበር። እውነቱን የተናገረ ሰው ላይ ለምን ይፈረዳል? የገዥውስ ነገር? ሄንሪ ጌጅ የሚባለው የካሊፎርኒያ ገዥ «ቸነፈር የሚባል ነገር የለም» ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲክድ ነበር። ጭራሽ ኪኒየን ራሱ ባክቴሪያውን ሬሳ ላይ ጨምሮ ነው እስከማለት ደርሷል። ለንግዱና ለወደቡ ብሎ። የምትወቅሱ ከሆነ እሱን ውቀሱ።

---

ላብራቶሪ ልጅ

ጌጅ እኮ ከዚያም አልፏል። በ1901 መጀመሪያ ለምክር ቤቱ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ የቸነፈር ባክቴሪያ ማስገባት ብቻ ሳይሆን ያለፈቃድ ስላይድ (ናሙና የተቀባበት የማይክሮስኮፕ መስታወት) ማዘጋጀት ራሱ ከባድ ወንጀል ይሁን ብሎ ነበር። አስቡት። እኔ ጠዋት ገብቼ ስላይድ ቀለም ስቀባ ፖሊስ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ።

---

ሕግ ተማሪ

ነገረኛው፣ ገዥውን የሚከላከል ያለ አይመስለኝም። ግን የኪኒየን ጥፋት ሳይንሱ ላይ አይደለም፤ ሳይንሱን ይዞ ያደረገው ነገር ላይ ነው።

በሜይ 1900 ከዋሽንግተን ትእዛዝ መጣ። ማንኛውም ቻይናዊና ጃፓናዊ የሃፍኪን የሚባለውን የቸነፈር ክትባት ካልወሰደ ከከተማው መውጣት አይችልም። ነጭ ግን ይችላል። ቻይናታውን ጎረቤት የሚኖር ነጭ፣ ቻይናታውን ውሎ የገባ ነጭ፣ ማንም አይጠይቀውም። ክትባቱ ደግሞ የዚያን ጊዜ ክትባት ነው፤ ትኩሳቱና ሕመሙ ሰው ያስተኛ ነበር። «መርዝ ሊወጉን ነው» ተባለ። ሱቁ ሁሉ ተዘጋ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ።

ከዚያ ፍርድ ቤት ሄዱ። ይኼን ብዙ ሰው አያውቅም። ዎንግ ዋይ የሚባል ሰው ከሰሰ፤ ዳኛ ዊልያም ሞሮው ሜይ 28 ትእዛዙን አገደው። ምክንያቱም ሕጉ ሁሉን እኩል ማየት አለበት፤ በሽታ ዘር አይመርጥም። ከተማው በማግስቱ ምን አደረገ? ሰፈሩን እንደገና ዘጋ። አሁን በአጥርና በእሾህ ሽቦ።

ጁ ሆ የሚባል ባለሱቅ እንደገና ከሰሰ። የተዘጋውን መስመር ካርታ ላይ ሲያዩት መስመሩ ይጠማዘዛል። የነጭ ቤት ሲደርስ ዞር ብሎ ያልፍና የቻይናዊ ቤት ላይ ይመለሳል። ዳኛው ጁን 15 አፈረሰው። ሲፈርድ ያነሣው ነገር ደግሞ የሚገርም ነው። በሽታ ያለበትን ቤት ብቻ መዝጋት ስትችሉ 12 ብሎክ ሰው አንድ ላይ ብትቆልፉ በሽታውን ታዛምቱታላችሁ እንጂ አታቆሙትም ነው ያለው። የጁ ሆ ክስ ዛሬም ስለ ኳራንቲን በተጻፈ ብዙ የሕግ ክርክር ላይ ይጠቀሳል።

---

ሲስተር

ዳኛው ከጤና ቦርዱ የተሻለ የጤና ባለሙያ ሆኗል ማለት ነው። ወሸባ ማለት በሽተኛውን ከጤነኛው መለየት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ቆልፈህ ቁልፉን ኪስህ መክተት ሌላ ነው።

ነገረኛው፣ ለአንተም። እኔ እውነት ይዤ ሄጄ በር ተዘግቶብኝ ያውቃል። እውነት መያዝ ብቻውን በር አያስከፍትም።

---

ነገረኛው

እሺ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሕዝቡ በሽታ የለም ብሎ ማመኑስ? የቻይናዎቹ ጋዜጣ ራሱ «የለም» ይል ነበር አይደል? ቢተባበሩ ኖሮ ቶሎ ያልቅ ነበር።

---

የድሮ ሰው ከዲሲ

ልጆቼ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አሁን ግን ልናገር።

ነገረኛው ልጄ፣ «ቢተባበሩ ኖሮ» ያልከው ላይ ነው የምመልስልህ። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 20 ቀን ሆኖሉሉ ላይ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? እዚያም ቻይናታውን ቸነፈር ገባ። የጤና ሰዎቹ በሽተኛ የተገኘበትን ቤት ማቃጠል ጀመሩ። አንድ ቀን ነፋስ ተነሣ። እሳቱ ከቁጥጥር ወጣ። ሰፈሩ ባጠቃላይ ነደደ፤ በሺ የሚቆጠር ሰው ሜዳ ላይ ወደቀ። ወሬው ሳንፍራንሲስኮ ደርሷል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ገመድ ይዞ የመጣውን ሐኪም አንተ ብትሆን በር ትከፍትለታለህ?

ሁለተኛው ነገር የሬሳው ነው። እነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ ብቻቸውን የመጡ ወንዶች ናቸው። ሕጉ ከ1882 ጀምሮ ቻይናዊ ሠራተኛ እንዳይገባ ከልክሏል፤ ሚስት ማምጣት ለአብዛኞቹ ዘበት ነው። የነበራቸው ማኅበር ነው። ስድስቱ ኩባንያዎች ይባላል። ስሙ ንግድ ይመስላል እንጂ ከአንድ አገር የመጡ ሰዎች መረዳጃ ነው፣ እንደኛ ዕድር በለው። ጠበቃ የቀጠረውም ያ ማኅበር ነው። ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁ ምን መሰለህ? ሰው ሲሞት መቅበር፣ ከዓመታት በኋላ አጥንቱን ለቅሞ አገሩ መላክ። ሰውየው አሜሪካ ሲሞት ተስፋው አጥንቱ አባቶቹ ዘንድ መግባቱ ነው። እንግዲህ በቢላ ይቀደዳል፣ ይቃጠላል ሲባል አስበው።

እኔ እዚህ 34 ዓመቴ ነው። ዕድራችን ውስጥ ስንት ሬሳ ወደ አገር ሸኝተናል። አንድ ጊዜ የአንድ ወንድማችን አስከሬን ለምርመራ ብለው አቆዩት፤ እናቱ አዲስ አበባ ድንኳን ጥለው አሥራ ሦስት ቀን ጠበቁ። ያንን ያየ ሰው ቻይኖቹን «ለምን ደበቃችሁ» አይልም።

---

ነገረኛው

ጋሼ፣ የሆኖሉሉውን አላውቅም ነበር። ተቀብያለሁ።

---

ሕግ ተማሪ

ነገረኛው ተቀበለ! ይኼ ክር ይመዝገብ 😄

---

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። በመጨረሻ ቸነፈር ነበር ወይስ አልነበረም? ማን ፈረደ?

---

ሌሊት ሹፌር

ነበር። በ1901 መጀመሪያ ከዋሽንግተን ሦስት ከካሊፎርኒያ ውጭ የመጡ ሊቃውንት ተላኩ፤ ፍሌክስነር፣ ኖቪና ባርከር። ከማንም ጋር ጠብ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። መጥተው ሬሳና በሽተኛ መረመሩ፤ ቸነፈር ነው ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ያለው ያሳፍራል። የገዥው ሰዎች ዋሽንግተን ሄደው ተደራደሩ። ሰፈሩን እናጸዳለን፣ እናንተ ሪፖርቱን አታውጡት። ተስማሙ። ምስጢሩ ግን ሾልኮ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ኪኒየንን ወደ ዲትሮይት አዛወሩት፤ በኋላ ሥራውን ለቀቀ።

ነገሩን የለወጠው የሌሎች ግዛቶች ጤና ቦርዶች ናቸው። «ካሊፎርኒያ ካላስተካከለ ዕቃውን አንቀበልም» ማለት ሲጀምሩ ነጋዴው ሁሉ በአንድ ሌሊት ሐኪም ሆነ። ጌጅ ሥልጣን ለቀቀ። በ1903 ጃንዋሪ የገባው ገዥ ጆርጅ ፓርዲ ሙያው ሐኪም ነበር። የመጨረሻው በሽተኛ በፌብሩዋሪ 1904 ሞተ። በአራት ዓመት የተመዘገበው 121 በሽተኛ ነው። ከ110 በላይ ሞተዋል።

---

ሲስተር

121 ታሞ ከ110 በላይ መሞት? ይኼ ቁጥር ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። ንፍፊት የሚያወጣው ቸነፈር ያለ መድኃኒትም ቢሆን ሁሉንም አይገድልም። ከታመሙት ግማሹ ወይ ትንሽ በለጥ የሚለው ይሞታል፤ የቀረው ይተርፋል። የተመዘገበው ከሞላ ጎደል ሁሉ ከሞተ፣ አብዛኞቹ የተረፉት አልተመዘገቡም ማለት ነው። በየጓዳው ታመው፣ በየጓዳው ድነው፣ ማንም አላያቸውም። ሌሊት ሹፌር ቅድም ያልከው ትክክል ነበር።

---

ላብራቶሪ ልጅ

ሲስተር 👏 ቁጥር ማንበብ ማለት ይኼ ነው።

አሁን ወደ አይጧ እንምጣ፣ ርእሱ ላይ ተጽፋ የተረሳችው። በ1900 አብዛኛው ሰው ቸነፈር ከቆሻሻ፣ ከአፈር፣ ከምግብ፣ ከመጥፎ አየር ይመጣል ነበር የሚለው። ስለዚህ ያደረጉት ማጠብ ነው። ኖራ ቀቡ፣ ድኝ አጨሱ፣ ቱቦ በኬሚካል አጠቡ። እንግዲህ አስቡት። አይጥ የሚኖርበትን ቱቦ በኬሚካል ስታጥበው አይጡ ምን ያደርጋል? ወደ ሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። ቁንጫውን በጀርባው ይዞ።

የሚያናድደው መልሱ ታትሞ ነበር። ፖል ሉዊ ሲሞን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1898 ካራቺ ላይ የታመመ ቁንጫም አይጥና ጤነኛ አይጥ በወንፊት ለይቶ አስቀመጠ። ሁለቱ አይነካኩም። ቁንጫ ብቻ ነው ማለፍ የሚችለው። ጤነኛው አይጥ ታሞ ሞተ። በቃ። ብዙ ሐኪም ግን አላመነውም። ከ1905 በኋላ ሕንድ ላይ በትልቁ ተደግሞ እስኪረጋገጥ ድረስ ዓመታት ባከኑ።

የቁንጫዋ ነገር ደግሞ ያስፈራል። ባክቴሪያው ሆዷ መግቢያ ላይ ተራብቶ ይወትፋታል። ደም ትመጥጣለች፣ አይወርድላትም። ትራባለች። በተራበች ቁጥር ትነክሳለች፤ የመጠጠችውን ደም ከነባክቴሪያው መልሳ ቁስሉ ውስጥ ታስታውከዋለች። ይኼ የታወቀው በ1914 ነው። አይጦቹ ሲያልቁ ሰው ላይ ትመጣለች። ለዚህ ነው የሞተ አይጥ ስታይ የምትፈራው፤ በሕይወት ያለው ገና ቁንጫውን አልጣለም።

---

ሌሊት ሹፌር

እኔም ልደርስበት ያልኩት እዚህ ነው። ሩፐርት ብሉ የሚባል ሐኪም አለ። በ1901 መጣ፤ በኋላ ሥራውን ሁሉ እሱ ያዘው። ሰውየው ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ቀላል ነው። ላብራቶሪውን ከደሴቷ አንሥቶ ቻይናታውን ጥግ መርቻንት መንገድ ላይ ከፈተ። ዎንግ ቹንግ የሚባል አስተርጓሚ ያዘ። አስተርጓሚ ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩን የሚያውቅ፣ ሰፈሩም የሚያውቀው ሰው ነው። ማን እንደታመመ፣ የት እንደተኛ ወሬው ለእሱ ይደርሳል። በር መስበር ቀረ ማለቴ አይደለም። ግን የሚያንኳኳ ሰው ተገኘ።

ከዚያ ቀስ በቀስ ጥያቄው ተለወጠ። መጀመሪያ «ማን ሞተ?» ነበር። በኋላ «የት ቤት ሞተ? ከዚያ ቤት በፊትስ ማን ሞቷል? ከወለሉ ሥር ምን አለ?» ሆነ። የእንጨት በረንዳና ድራቡ ሲፈርስ፣ ግድግዳው ሲከፈት የአይጥ ሬሳ ይወጣ ነበር። የምድር ቤቱን ወለል ሲሚንቶ አስደረጉ። መርዝ አጠመዱ።

እኔን የነካኝ ግን 1907 ነው። በ1906 ኤፕሪል ያ ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ ከተማውን በላው። ቻይናታውንም ነደደ። ሕዝቡ ድንኳንና የእንጨት ጎጆ ገባ። ቱቦ ተሰባብሯል፣ ቆሻሻው ተከምሯል፣ አይጥ ሠርግና ምላሽ ላይ ነው። በዓመቱ ቸነፈር ተመለሰ። 160 ገደማ ሰው ታመመ፤ ግማሽ ያህሉ ሞተ። እስኪ ገምቱ፣ በየትኛው ሰፈር?

---

አዲስ ገቢ

ቻይናታውን አትለኝም መቼስ።

---

ሌሊት ሹፌር

አይደለም። በየሰፈሩ ነው። የታመሙት አብዛኞቹ ነጮች ናቸው። አራት ዓመት ሙሉ «የቻይና በሽታ» ሲባል የነበረው ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ሰፈር የዘጋ የለም። ብሉ ከተማውን በሙሉ በወረዳ ከፈለው። አይጥ ላመጣ ሰው ገንዘብ ተከፈለ። እያንዳንዱ አይጥ እግሩ ላይ የተያዘበት አድራሻ ይታሰርለታል። ላብራቶሪ ሲደርስ ሳንቃ ላይ በምስማር ይቸነከራል፣ ይቀደዳል፣ ይመረመራል። በሽታ የተገኘበት አይጥ አድራሻው ላይ ሰው ይላካል። በብዙ ሺህ አይጥ ነው። ሰው ሳይታመም በፊት በሽታው የት እንዳለ ማወቅ ተቻለ። ለሰው ያልተገኘ ካርታ ለአይጥ ተገኘ። አይጥ አድራሻዋን አትደብቅም።

---

ሲስተር

እኔ ደግሞ «አድራሻ የታሰረላት አይጥ» የምትለዋን ነገ ተማሪዎቼ ላይ እጠቀምባታለሁ። ፈቃድህን ጠይቄያለሁ።

---

የድሮ ሰው ከዲሲ

ሩፐርት ብሉ ያላችሁት ሰውዬ በ1912 የአሜሪካ ሕዝብ ጤና ዋና ኃላፊ ሆኗል፤ ሰርጅን ጄኔራል የሚሉት። እስከ 1920 ቆየ። ያ ማለት በ1918 ያ ክፉ ኢንፍሉዌንዛ ሲመጣ ወንበሩ ላይ እሱ ነው። አይጥ አድኖ ስሙን የተከለ ሰው አይጥም ቁንጫም የሌለው በሽታ መጣበት። በትንፋሽ የሚሄደውን ምን ሳንቃ ላይ ይቸነክረዋል?

ያው በሽታ ነው ኅዳር 1911 በኛ አቆጣጠር አዲስ አበባ የገባው። የኅዳር በሽታ። ያኔ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። ከተማው ቀባሪ አጣ። አያቴ ይነግሩን ነበር፤ ጅብ በቀን ይታይ ነበር አሉ። ማን በየትኛው ቤት እንደሞተ የመዘገበ መዝገብ ቢኖር ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ የአያቴ ሁለት እኅቶች በዚያ ነው የሄዱት፣ የተቀበሩበትንም አናውቅም። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን ስናጥን ልጆች እያለን ጨዋታ ይመስለን ነበር።

---

አዲስ ገቢ

ጋሼ፣ እኔም ኅዳር ሲታጠን እሳቱን ስዘል ነው ያደግኩት። ለምን እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም። ነፍስ ይማር።

---

ነገረኛው

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። አይጡ አለቀ፣ በሽታው አለቀ። ስለዚህ ብሉ አሸነፈ፣ አይደል?

---

ላብራቶሪ ልጅ

ከተማው ውስጥ አሸነፈ። ከከተማው ውጭ ግን ዘግይቷል። በ1908 ከወደቡ ማዶ ኮንትራ ኮስታ የሚባለው አውራጃ ውስጥ የሜዳ ሽኮኮ ላይ ቸነፈር ተገኘ። ሽኮኮ ያልኩት እዚያ በየሣሩ የሚሯሯጡትን ነው፤ የኛዋ የገደል ሽኮኮ ሌላ ናት። ከአይጥ ቁንጫ ወደ ሽኮኮ ተሻገረ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ማን ያጠፋዋል? ወደ ምሥራቅ እየተሻገረ ዛሬ በምዕራብ አሜሪካ የዱር እንስሳት ውስጥ ተደላድሎ ይኖራል። በየዓመቱ ጥቂት ሰው ይይዛል። አሁን ቶሎ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ ይድናል።

---

ሌሊት ሹፌር

ቆይ ቆይ። ኮንትራ ኮስታ? ያ እኮ ከቤቴ 20 ደቂቃ ነው።

---

ላብራቶሪ ልጅ

አዎ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ካምፕ የሚወጡ ሰዎች ያውቁታል። አንዳንድ መናፈሻ መግቢያ ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል፦ የሞተ እንስሳ አትንኩ፣ ሽኮኮ አትመግቡ፣ ድንኳናችሁን ጉድጓዳቸው አጠገብ አትትከሉ።

---

ሌሊት ሹፌር

ባለፈው ሐምሌ ታሆ ሐይቅ ስንሄድ ያን ማስታወቂያ አይቼዋለሁ። አላነበብኩትም። ልጄ ሽኮኮ ስትመግብ ፎቶ ያነሣኋት እሱው ሥር አስደግፌ ነው። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። አሁን ሄጄ ሳየው፣ ከጀርባዋ ያለው ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ለሚስቴ ልንገራት ወይስ ልተወው?

---

ሲስተር

ንገራት። ከዚያ ክሩን እንድታነብ አድርጋት።